ውዳሴ ወንበር

የአዳማ ሰው ጨዋ ነው። አዲስ መኪና የገዛ የአዳማ ሰው ደግሞ ከጨዋም ጨዋ ነው። ጎረቤቴን አይቼ ነው ይህን የምለው።

ጎረቤቴ ከሁለት ወር በፊት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ድምፅ በሌላቸው መኪኖች ተሞልቷል። አሁንም የሚጮኸው ባጃጅ ብቻ ነው። የጎረቤቴ መኪና ነጭ ናት፣ ታብረቀርቃለች። ታዲያ የሾፌሩ ወንበር ወደ ግራ ያዘነብላል። መደገፊያው ውስጥ ያለ አንድ ብረት ልክ ቀበቶ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ወገብ ይወጋል። ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ወንበሩ "ቀጭ" ብሎ አንድ ጥርስ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር። ጎረቤቴ ትራስ ገዛ።

እኔ ይህን ነው የማደንቀው። ድሮ "ሆድ ይፍጀው" ይባል ነበር። እኛ ዘምነን ወገብ ይፍጀው ብለናል። ሻጩም ቁልፉን ሲያስረክብ "አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሄድ ይላላል" ብሎት ነበር። እውነትም የላላ ነገር አለ። ወንበሩ እስካሁን ከጠመመበት አልተቃናም፤ ጎረቤቴ ግን በእግሩ ሲሄድም ወደ ግራ ዘንበል ማለት ጀምሯል።

ሕግ የሚማረው የእህቱ ልጅ ሊያበላሸው ሞክሮ ነበር። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሚባል ነገር አለ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ "ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ" ማለት ይችላል አለው። ጎረቤቴ ሳቀ። 15 ቀን? 15 ቀን እኮ ለእንኳን ደስ አለህ እንኳን አይበቃም! መጀመሪያ አማቾቹ መጡ። ቀጥሎ እድርተኞቹ፣ ከዚያ ከወንጂ ዘመድ። ቡና በተፈላ ቁጥር መኪናዋ ከግቢ ትወጣለች፣ ትታያለች፣ ትመረቃለች። በተመረቀ መኪና ላይ ማን አፉን ይከፍታል? "ልጄ፣ ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲለኝ ወንበሩ ጠማማ ነው ልበል?" አለው። ልጁ ዝም አለ። ገና ተማሪ ስለሆነ ነው፣ ይለምደዋል።

ላስቲኩም አልተነሳም። ከፋብሪካ እንደመጣ ወንበሩ ላይ አለ። የአዳማን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ላስቲኩ ጭን ላይ ይለጠፋል፣ ሲነሱ እንደ ፕላስተር ይላጣል፣ ድምፅም አለው። አንድ ቀን ከኋላ ተቀምጬ "ለምን አይነሳም?" ብል ባለቤቱ ደነገጠች። "እንዴ፣ ይቆሽሻል እኮ!" ልክ ናት። ወንበሩ እስከ ዛሬ ንፁህ ነው። በላብ የራሰው የኔ ሱሪ ነው።

ይህም አንሶ በላስቲኩ ላይ ፎደራ አሰፉበት። ወንበሩ ጎን ላይ "ኤርባግ" የምትል ትንሽ ጨርቅ ነበረች። በግጭት ጊዜ ከዚህ ስፌት ውስጥ ፊኛ ተነፍቶ ስለሚወጣ ቦታውን አትሸፍኑ ማለቷ ነው። ሰፊው ምስጋና ይግባውና ጥሩ አድርጎ ሸፈናት። ጠርዙ እንዳይተረተርም ደርቦ ሰፋው። እንግዲህ አደጋ ቢመጣ ፊኛው ሰፊውን አስፈቅዶ ነው የሚወጣው።

ባለፈው አብረን አዲስ አበባ ደርሰን መጣን። ፈጣኑ መንገድ ላይ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር መንዳት ይቻላል። ጎረቤቴ ከ80 አላለፈም። ሕግ አክባሪ ስለሆነ አይደለም፣ ፍሬን ፈርቶ ነው። የክፍያው በር ላይ ስንደርስ ያዘ፤ "ቀጭ"፤ አፍንጫው መሪው አጠገብ ደረሰ። እኔ ስደነግጥ እሱ ፈገግ አለ። የገንዘብ ተቀባይዋ መስኮት በግራ ነዋ! ያዘነበለው ወንበር ራሱ ወደ ልጅቷ አስጠጋው፣ እጁን መዘርጋት እንኳን አላስፈለገውም። "አየህ፣ አስበውበት ነው የሠሩት" አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ አዳማ አልተናገርኩም።

ትናንት በረንዳው ላይ ተቀምጠን ስልኩ ጮኸ። ሻጩ ነው። ደንበኛን መጠየቅ ልማዳቸው ሳይሆን አይቀርም። "መኪናዋ እንዴት ናት?" ሲል ለእኔም ይሰማኛል። ጎረቤቴ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ቋጠር ፈታ እያደረገ ተነሳ።

"ተመስገን! ምንም አይወጣላትም!" አለ። "እንዲያውም የወንድሜ ልጅ ሊገዛ ነው፣ እናንተው ጋ እልከዋለሁ።"