ሰውየው ይሙቅ፣ አየሩ ይቆየን

በብርድ ወራት የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ የተለመደ ትዕይንት አለ። ሾፌሩ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቷል። ኮፍያ ደፍቷል፤ ጓንት አጥልቋል። ማሞቂያውን ግን አጥፍቶታል። በተነፈሰ ቁጥር ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። ዓይኑ ከመንገዱ ይልቅ የባትሪው ፐርሰንት ላይ ተተክሏል። 62 የነበረው 61 ሲሆን ክው ይላል።

ወደው አይስቁ ነው። እኔም እንደዚያ ነድቻለሁ። ዛሬ ሳስበው ግን ያ ቁጠባ አልነበረም፤ ራስን መቅጣት ነበር።

ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የነዳጅ መኪና ሲያሞቀን የኖረው ቸር ስለሆነ ሳይሆን አባካኝ ስለሆነ ነው። ከሚያቃጥለው ነዳጅ አብዛኛው ኃይል ጎማው ጋ ሳይደርስ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። እኛ ከዚያ ብክነት ቆንጠር አድርገን እግራችንን እናሞቃለን። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ቋጣሪ ነው። ከወሰደው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ለመሽከርከር ያውለዋል። ለተሳፋሪ የሚተርፍ ሙቀት የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሙቀቱ የሚቀዳው መኪናውን ከሚያስኬደው ከዚያው ባትሪ ነው።

ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 አምስት የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ በሚጠጋ ብርድ ፈትኖ ነበር። ማሞቂያ ሳይከፈት መኪኖቹ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት በአማካይ 12 በመቶ ቀነሰ። ማሞቂያው ሲከፈት ቅናሹ 41 በመቶ ደረሰ። ብርዱ ራሱ ከወሰደው ማሞቂያው የወሰደው በለጠ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሂት ፓምፕ ያላቸው መኪኖች በዝተዋል። ሂት ፓምፕ እንደ ፍሪጅ ነው፤ ሥራው ብቻ የተገላቢጦሽ ነው። ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ሙቀት ለቅሞ ወደ ውስጥ ያስገባል። ብርዱ መካከለኛ ሲሆን በአንድ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ብርዱ ሲጠና ግን የሚለቅመው እያነሰ ይሄዳል፤ ጥቅሙም አብሮ ይቀንሳል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። መኪናው ውስጥ ያለውን አየር ከባዶ ለማሞቅ መጀመሪያ ላይ አምስት ኪሎዋት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። የወንበር ማሞቂያ የሚፈልገው ግን አንድ የድሮ አምፖል የሚበላውን ያህል፣ 100 ዋት ቢሆን ነው። ደግሞ አይዘገይም። አየሩ ገና ሳይሞቅ ወገብዎ ዘና ይላል። የመሪ ማሞቂያም እንዲሁ። ጣት በቆፈን ደርቆ የፍሬቻውን ዘንግ እንኳ መግፋት ያቃተው ሰው የሞቀ መሪ ሲጨብጥ ያለውን ስሜት ያውቀዋል። ሰው የሚበርደው በጀርባው፣ በእጁና በእግሩ ነው። ታዲያ ማንም የማይቀመጥበትን ባዶ ወንበርና ጣሪያውን ምን አስሞቀን?

እዚህ ላይ ከአምራቾቹ ጋር ጠብ አለኝ። የወንበርና የመሪ ማሞቂያ በብዙ ሞዴሎች ላይ አሁንም ከቆዳ ወንበርና ከሚከፈት ጣሪያ ጋር ታስሮ እንደ ቅንጦት ይሸጣል። በነዳጅ መኪና ቅንጦት ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ባትሪ የሚቆጥብ ዕቃ ነው። ትንሽ ባትሪ ያለው ርካሹ ሞዴል ከሁሉም በላይ ያስፈልገዋል፤ የሚጎድለውም እሱ ላይ ነው። የኋላው ወንበር ደግሞ ጭራሽ የሚያስታውሰው የለም። ከኋላ ልጅ ካለ ብርድ ልብስ ይያዙ። ወፍራም ጃኬቱን ግን ቀበቶ ከማሰርዎ በፊት ያውልቁለት፤ ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ቀበቶውን ያላላዋል። ከታሰረ በኋላ ከላይ ጣል ያድርጉለት።

ከሁሉም የሚሻለው ዘዴ ግን ከመነሳት በፊት ነው። መኪናው ገና ከቻርጀሩ ሳይነቀል፣ ከ20 ደቂቃ በፊት በስልክ ማሞቂያውን መክፈት። ኃይሉ ከግድግዳው ይመጣል፤ መስታወቱ ይጠራል፤ ሙሉ ባትሪ ይዘው ይወጣሉ። በብዙ መኪኖች ላይ ባትሪውም አብሮ ይሞቃል። ባትሪ ከቀዘቀዘ ቻርጅ እየጎተተ ነው የሚቀበለው፤ መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ መልሶ የሚያመነጨውን ኃይል መያዝም ይከብደዋል። ቻርጀሩ ውጭ መንገድ ላይ ብቻ ለሆነበት ሰው ይህ ዘዴ እንደማይሠራ አውቃለሁ። የሞቀ ወንበር በይበልጥ የሚገባው ለእሱ ነው።

ማሞቂያውን ፈጽሞ ማጥፋትም አይሆንም። ትንፋሽ መስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። በክርን እየወለወሉ መንዳት ደግሞ አደጋ መጥራት ነው። ቀስ ያለ ሙቀት ወደ መስታወቱ ይልቀቁ፤ አየሩን ከውጭ ያስገቡ።

«በረዶ መንገድ ቢዘጋብንስ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ በረዶ አይ-95 የተባለውን አውራ ጎዳና ዘግቶ ሰዎች መኪናቸው ውስጥ አድረዋል። ሴናተር ቲም ኬን ጉዞው 27 ሰዓት ፈጅቶበታል። እስቲ እናስላው። የቆመ መኪና የሞቀውን ሙቀት ጠብቆ ለማቆየት ሁለት ኪሎዋት ገደማ ቢወስድ፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ 30 ሰዓት ያቆያል። በወንበር ማሞቂያ ብቻ ከሆነ ከዚያም በጣም ይረዝማል። የነዳጅ መኪና ደግሞ የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ የሚመርዝ ጭስ ወደ ውስጥ ያስገባል። የኤሌክትሪኩ ይህ ጣጣ የለበትም።

ባትሪው 10 በመቶ ላይ ሆኖ የተዘጋበት ሰው ግን ሌላ ነው። በጀሪካን የሚያመጣለት ወዳጅ የለውም። እኔ በብርድ ወራት ከ40 በታች ሳይወርድ ቻርጅ ማድረግ የጀመርኩት ለዚህ ነው። ጓንቱን አውልቄ፣ ወንበሩን አሙቄ እነዳለሁ።