እገዳው ጠቀመው? ተዉን እንጂ!

የኢራን ፍርድ ቤት የአገሩ ፊልም ዳይሬክተር ጃፋር ፓናሂ ላይ በሌለበት የአንድ ዓመት እስራት ፈርዷል። የሁለት ዓመት የጉዞ እገዳም መርቆለታል። ክሱ ያው የለመድነው ነው፤ በመንግሥት ላይ ፕሮፓጋንዳ መንዛት። የካን ፊልም ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት፣ ፓልም ዶርን፣ በወሰደበት በዚያው በ2025 መሆኑ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እኔን ያበሸቀኝ ግን ፍርዱ ብቻ አይደለም። ዜናው በተሰማ ቁጥር "እሱን ትልቅ ያደረገው ፊልም እንዳይሠራ መታገዱ ነው፣ ያለዚያ ማን ያውቀው ነበር?" የሚሉ አዋቂዎች ብቅ ይላሉ።

ማን ያውቀው ነበር? ካን ያውቀው ነበራ! በ1995 ለመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን ካሜራ ዶር ሸልሞታል። ቬኒስ በ2000 ወርቃማውን አንበሳ ሰጥቶታል። በርሊን በ2006 የብር ድብ ጨምሮለታል። የ6 ዓመት እስርና ለ20 ዓመት ፊልም እንዳይሠራ የሚያግደው ፍርድ የመጣው በ2010 መጨረሻ ነው። ስሙን ከገነባ በኋላ ማለት ነው።

እስቲ እገዳው የሰጠውን እንይ። ይግባኙን እየጠበቀ ቴህራን ቤቱ ቁጭ ብሎ በጓደኛው ካሜራ ይቀረጻል (ቀረጻው «ይህ ፊልም አይደለም» ተብሎ ወጥቷል)። እንዳይሠራው የተከለከለውን ስክሪፕት ይዞ ምንጣፉ ላይ ፕላስተር ይለጥፋል። ይህ የልጅቷ ክፍል፣ ይህ መስኮቱ እያለ። የስክሪፕቱ ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንዳትገባ ቤተሰቦቿ የቆለፉባት ናት። ትንሽ ያነባል። መሃል ላይ ያቆማል፤ አልቻለማ! ሰዉ ይህን አይቶ "እንዴት ያለ ፈጠራ" ይላል። እኔ የሚታየኝ ሳይሠራ የቀረው ፊልም ነው። ተዋናይዋ የለች፣ ቤቱ የለ፣ ያለው ፕላስተር ብቻ። እግሩን ታስሮ የሮጠ ሰው ቢያሸንፍ ለሰንሰለቱ ነው የሚጨበጨበው?

በ2015 ራሱ ታክሲ እየነዳ በሠራው ፊልም የበርሊንን ወርቃማ ድብ አገኘ። ከአገር መውጣት ስለተከለከለ ሽልማቱን አንዲት ትንሽ ዘመዱ ተቀበለችለት። መድረኩ ላይ አለቀሰች። በ2022 ደግሞ የታሰረ የሙያ ጓደኛውን ጉዳይ ሊጠይቅ ሄዶ እሱንም እዚያው አስቀሩት። ከኤቪን እስር ቤት የወጣው በ2023 መጀመሪያ፣ የረሃብ አድማ ከጀመረ በሁለት ቀኑ ነው።

አዎ፣ ፓልም ዶር ያስገኘለት ፊልም እስር ቤት ከሰማቸው ታሪኮች የተነሳ ነው። ይህን አልክድም። ታዲያ ኤቪን የስክሪፕት ክፍያ ይጠይቅ?

እገዳ ስም የሚያወጣ ከሆነ እስቲ ኢራን ውስጥ ከታሰሩና ከታገዱ ዳይሬክተሮች የአምስቱን ስም ጥሩልኝ። ራሱሎፍ፣ አንድ። ቀጥሉ።