የጋላክሲን ታሪክ የሚያሰላ ፕሮግራም ኮዱ የግድ ክፍት ይሁን?

ጭብጥ፦ የአጎራባች ጋላክሲዎችን የኮከብ አፈጣጠር ታሪክ (በየትኛው ዘመን ምን ያህል ከዋክብት እንደተወለዱ) የሚያሰላ ሶፍትዌር ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ካልተከፈተ ውጤቱ ሊታመን አይገባም።

ደጋፊ፦ በሀብል ቴሌስኮፕ ምስል ላይ የእያንዳንዱ ኮከብ ቀለምና ድምቀት ከተለካ በኋላ፣ ፕሮግራሙ በልዩ ልዩ ዕድሜና የብረት መጠን (በሥነ ፈለክ አነጋገር ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም የሚከብዱ ንጥረ ነገሮች ሁሉ) የተሰሉ የከዋክብት ስብስቦችን አዘጋጅቶ፣ በምን መጠን ቢደባለቁ ከተለካው ሥርጭት ጋር እንደሚገጥሙ ይፈልጋል። በዚህ መሐል አንባቢ የማያያቸው ብዙ ውሳኔዎች ይወሰናሉ፤ የዕድሜ ክፍልፋዮቹ ስፋት፣ የጥንድ ከዋክብት ድርሻ፣ አቧራ የሚጋርደው ብርሃን። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ሃሪስና ዛሪትስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቁት ስታርፊሽ የተባለ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኮዱ ለማንም ክፍት ሲሆን፣ ማች የተባለው የአንድሪው ዶልፊን ፕሮግራም ግን ብዙ ጥናት የተሠራበት ሆኖ ሳለ ምንጭ ኮዱ በይፋ አልተለቀቀም። የዚሁ ሰው ዶልፎት፣ ማለትም የከዋክብቱን ብርሃን የሚለካው ፕሮግራም፣ ክፍት ነው፤ ይኸኛውስ ለምን ይለያል?

ተቃዋሚ፦ የማች ስሌት በ2002 በዝርዝር ታትሟል፤ የሚያውቅ ሰው ራሱ ሊጽፈው ይችላል። ዋናው ድክመት ያለው ኮዱ ውስጥ ሳይሆን ሁሉም ፕሮግራሞች በሚመገቡት የከዋክብት ሞዴል ላይ፣ ማለትም ኮከብ በየዕድሜው ምን ቀለምና ድምቀት እንደሚኖረው በሚተነብየው ስሌት ላይ ነው። የ10 እና የ12 ቢሊዮን ዓመት ከዋክብት የከዋክብቱን ቀለም ከድምቀታቸው ጋር በሚያሳየው ንድፍ ላይ እጅግ ተቀራርበው ይቀመጣሉ፤ ጋላክሲው ርቆ ቀያይ ግዙፍ ከዋክብቱ ብቻ ሲታዩ ደግሞ የዕድሜ መግፋትና የብረት መብዛት ሁለቱም ኮከቡን ይበልጥ ቀይ ስለሚያደርጉት አንዱን ከሌላው መለየት ያዳግታል። ፓርሴክ የተባለውን የከዋክብት ሞዴል አውጥተው ባስቲ የተባለውን ቢያስገቡ መልሱ ይለወጣል፤ ኮዱ አደባባይ ቢሰጣም ይህ አይስተካከልም። ሴተስ የተባለችው ድንክ ጋላክሲ ስትጠና የተደረገውም ኮድ መመርመር ሳይሆን፣ በማችና ራሱን ችሎ በተጻፈው አይኤሲ-ፖፕ የተገኙትን ውጤቶች ጎን ለጎን ማስተያየት ነበር። እኔ የማምነው እንዲህ ያለውን ፈተና ነው።

ደጋፊ፦ ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ሞዴል ላይ ቆመው ቢስማሙ፣ እርስዎ በጠቀሱት ሞዴል ላይ ያለው ስሕተት እንዳለ ይቀራል። ዶልፊን በ2012 ሞዴሉን በሙቀትና በድምቀት እያዛነፉ ስሌቱን የመድገም ዘዴ አቅርቧል። የመዛነፉ ልክ አነሰ ወይም በዛ የሚል ተመራማሪ ግን በሌላ መንገድ መሞከር የሚችለው ኮዱ እጁ ላይ ሲኖር ነው።

ተቃዋሚ፦ እንግዲያው ከኮዱ አስቀድመው የሐሰተኛ ከዋክብቱን ሰንጠረዥ ይጠይቁ። ምስሉ ላይ ሆን ተብሎ ከተጨመሩት ኮከቦች ስንቱ እንደተገኘ፣ ስንቱ በጎረቤቱ ብርሃን እንደተዋጠ የሚያሳየው እርሱ ነው፤ ያ ሳይታተም የቀረበትን ጥናት በክፍት ኮድም ቢሆን መድገም አይቻልም።