ልጅ ስንቁን ራሱ ሲቋጥር

እንግሊዝ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ወላጅ፣ ልጁ ዕድሜው 14 ሲጠጋ ከትምህርት ቤት አንድ ረጅም የዕቃ ዝርዝር ይደርሰዋል። ልጆቹ «ዲኦፍኢ» ይሉታል፤ ሙሉ ስሙ የኤዲንብራው መስፍን ሽልማት ነው። ልዑል ፊሊፕ በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያቋቋሙት ሲሆን ነሐስ፣ ብር እና ወርቅ የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። በየደረጃው ልጆቹ በእግር ተጉዘው፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ፤ ለነሐስ አንድ ሌሊት፣ ለብር ሁለት፣ ለወርቅ ሦስት። ከአራት እስከ ሰባት ሆነው፣ ካርታና ኮምፓስ ይዘው ነው የሚሄዱት። አዋቂ ከሩቅ ይከታተላቸዋል እንጂ አብሯቸው አይራመድም።

እዚህ ላይ ብዙ እናት ትደነግጣለች፤ አይፈረድባትም። እኔን ግን ከጉዞውም በላይ የገረመኝ ከጉዞው በፊት ያለው የዕቃ ፍተሻ ነው።

በልጄ ትምህርት ቤት አዳራሽ ልጆቹ የጀርባ ሻንጣቸውን ወለሉ ላይ ዘርግፈው ከፊቱ ቆመዋል። አሰልጣኟ ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሳች «ይሄ ለምንድነው?» ትላለች። መልስ ያላገኘ ዕቃ ወደ ጎን ይቀመጣል። ጂንስ ሱሪ ወዲያው ወጣ። የአንዱ ሐበሻ ልጅ ሻንጣ ውስጥ እናቱ በሥርዓት አጥፈው የከተቱት ጋቢ ተገኘ። አሰልጣኟ በሁለት ጣቷ ዳሰስ አድርጋ «በጣም ያምራል፤ ግን ጥጥ ነው» አለችው። አጠገቤ የቆሙት እናቱ «እንዴ! ከጋቢ የሚሞቅ ምን አለ?» አሉኝ።

ጋቢ ደረቅ ሲሆን እውነትም ይሞቃል። ጥጥ ግን ውሃ ይመጥጣል፣ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ከሰውነት ላይ ሙቀት ይወስዳል። ዝናብ በማይጠፋበት አገር ኮረብታ ላይ ይህ አደጋ ነው። ሱፍ ግን ረጥቦም ቢሆን ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ብርዱን የሚያሳልፈው ከበጉ ፀጉር በተሠራ ባና ብርድ ልብስና በርኖስ ካባ ነው። ለእናትየው ይህን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «አባቴም በርኖስ ነበራቸው» አሉኝ።

የዕቃው አደራደርም የራሱ ሥርዓት አለው። ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ) በላስቲክ ተጠቅልሎ ከሥር ይገባል፤ እስከ ማታ አያስፈልግማ። ከባዱ ነገር መሃል ላይ ጀርባን ተጠግቶ ይቀመጣል፤ ወደ ውጭ ከራቀ ተሸካሚውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የዝናብ ልብስ ከላይ። ጠቅላላ ክብደቱ ከልጁ ክብደት ሩብ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ 48 ኪሎ የምትመዝን ልጅ ምግቧንና ውሃዋን ጨምሮ 12 ኪሎ ትሸከማለች ማለት ነው። ድንኳኑን ይከፋፈሉታል፤ አንዱ ሸራውን፣ ሌላው ዘንጎቹን። ጫማው ቀደም ብሎ በእግር ካልተለማመደ በመጀመሪያው ቀን እግር ውሃ ይቋጥራል። ፊሽካም ግዴታ ነው፤ ችግር ሲገጥም በአንድ ደቂቃ ስድስት ጊዜ ይነፋል፣ አንድ ደቂቃ ይታረፋል፣ ይደገማል።

ይዘውት የሚሄዱትን ትንሽ ማብሰያ ምድጃ ድንኳን ውስጥ ማቀጣጠል ፈጽሞ ክልክል ነው። ምክንያቱን ለሐበሻ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አገር ቤት በር ዘግተው ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ ቀርተዋል። ገዳዩ ያው ሽታ የሌለው ጋዝ ነው።

በምግብ በኩል ግን እኛ የምንሰጠው አለን። ልጆቹ በየቀኑ አንድ ትኩስ ምግብ ራሳቸው ማብሰል ስላለባቸው ብዙዎቹ ፓስታና የታሸገ ሾርባ ይዘው ይመጣሉ። ለመንገዱ ግን በሶን የሚያህል ምን አለ? ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም፣ በውሃ በጥበጥ አድርጎ መጠጣት ነው። ዳቦ ቆሎም እንዲሁ። ለገና ላሊበላ በእግሩ የሚሄድ ምዕመን ስንት ቀን የሚጓዘው በዚሁ ስንቅ ነው። ልጄም ከጓደኞቿ ጋር ዳቦ ቆሎ ተካፍላ ሄደች።

አገር ቤት ስመለስ ወጣቶቻችን በየሳምንቱ መጨረሻ እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ ወንጪ ሲወጡ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል። ዕቃቸውን ሳይ ግን ልቤ ይፈራል። የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ስኒከር ጫማ፣ በገመድ የታሰረ ብርድ ልብስ፣ በእጅ የተንጠለጠለ ፌስታል። ወንጪ ላይ ሌሊቱ እንዴት እንደሚበርድ ያደረ ያውቀዋል። ሰሜን ተራሮች የሚሄድ ከደባርቅ ጠባቂና በቅሎ፣ ካሻው ምግብ አብሳይም ይዞ ይወጣል፤ ሸክሙን በቅሎዋ ስለምትወስድለት ወጣቱ ሻንጣውን የሚያስብበት ምክንያት የለውም።

ወጣቶቹን አልወቅስም፤ ዕቃው ውድ ነው፣ እንደልብም አይገኝም። እዚህ እንግሊዝም ቢሆን ሁሉም ወላጅ ባለ ገንዘብ አይደለም። በልጄ ትምህርት ቤት ድንኳኑ፣ ሻንጣውና ምድጃው ከመጋዘን በውሰት ይሰጣል፤ ልጁ ሲመለስ አድርቆና አጽድቶ ያስረክባል። ስለዚህ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅና የሐኪሙ ልጅ በአንድ ዓይነት ድንኳን ያድራሉ። አዲስ አበባም፣ ባሕር ዳርም ያለ አንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ አንድ ቁም ሳጥን ቢኖረውና ከጉዞ በፊት ሻንጣ የሚያስዘረግፍ አንድ አስተማሪ ቢመደብ ብዙ ልጅ ይጠቀምበታል።

እኛም እጃችን ላይ ያለ ነገር አለ። ልጆቻችን ያደጉባቸው የዝናብ ልብሶች፣ የተራራ ጫማዎችና ስሊፒንግ ባጎች ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የሁለት ሰው ቀላል ድንኳን ከሁለትና ሦስት ኪሎ አይበልጥም፤ ለዘመድ ከምንጭነው 23 ኪሎ ሻንጣ ጥግ ላይ ይገባል። ከመላክ በፊት ድንኳኑን አንድ ጊዜ ተክሎ ዘንጉና ካስማው መሟላቱን ማየት ያስፈልጋል። የምድጃ ጋዝ ቆርቆሮ ግን በአውሮፕላን አይጫንም፤ እሱን እዚሁ ይተዉት።