እርማት፦ የሌሊት ወፏ ከነገሩ የለችበትም

ወንድሜ፣ «የወፍ በሽታ የሌሊት ወፍ ከላያችን ስታልፍ ይይዘናል፤ ንጹሕ ቤት ላደገ ልጅ ግን አያሰጋም» ብለዋል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ዐይን ቢጫ የሚሆነው በአብዛኛው ጉበት ሲታመም ነው። አንዱ ምክንያት ሄፓታይተስ ኤ ነው፤ ቫይረሱ ከታማሚው ዐይነ ምድር ወጥቶ በእጅ፣ በውኃ ወይም በምግብ ወደ ሌላው ሰው አፍ ይገባል። መንገዱ አስጠያፊ ስለሆነ ይመስለኛል በወፏ ማሳበብ የሚቀለን።

ሁለተኛው ስሕተት ይብሳል። ውኃና መጸዳጃ በተጓደለበት አካባቢ አብዛኛው ሰው በልጅነቱ ይያዛል፤ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ብዙ ጊዜ ምልክት እንኳ አያሳይም፣ ከዚያ በኋላም በሽታው አይደግመውም። ንጽሕና ሲሻሻል ልጁ ሳይያዝ ያድጋል፤ በአርባ ዓመቱ ሲያገኘው ግን አልጋ ላይ ይጥለዋል። በአሜሪካ ሳንዲዬጎ ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በቆየው ወረርሽኝ 20 ሰዎች ሞተዋል፤ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ መጠለያ የሌላቸው አዋቂዎች ነበሩ። ከተማዋ በየጎዳናው የእጅ መታጠቢያ ተከለች፣ የእግረኛ መንገዱን በበረኪና አጠበች፤ ነርሶችም እየዞሩ ከተቡ።

ደግሞም ታማሚው በብዛት የሚያስተላልፈው ዐይኑ ቢጫ ከመሆኑ ከአንድ ሁለት ሳምንት በፊት ጀምሮ ነው። ሰላጣ የሚከትፍልዎ ሰው ጤነኛ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም። በአልኮል ሳኒታይዘርም አይተማመኑ፤ ሳሙናና ውኃ ይሻላል። የሄፓታይተስ ቢ ክትባትም ለዚህኛው አያገለግልም፤ ራሱን የቻለ ክትባት አለው።