የሺያ ቅቤ የሚበላሸው ከሳፋው በፊት ነው

ከሺያ ዛፍ ፍሬ ስለሚወጣው ስብ፣ ስለ ሺያ ቅቤ፣ በተወራ ቁጥር የሚወጣው ፎቶግራፍ ያው አንድ ነው፤ በሰሜን ጋና ወይም በቡርኪና ፋሶ ሴቶች ትልቅ ሳፋ ከበው፣ ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው አስገብተው ቡናማ ሊጥ ሲያሹ። ያምራል። «በእጅ የተሠራ» የሚለውን ቅባት የሚያሸጠውም ይኸው ነው። እኔ ግን ፎቶግራፉ ዓይናችንን ከዋናው ጉዳይ ላይ ያነሣብናል ባይ ነኝ።

ማሸቱ ጥበብ መሆኑን አልክድም። ተቆልቶ የተፈጨው ፍሬ ሲለወስ ቸኮሌት ይመስላል (ወደ አውሮፓ የሚሄደው የሺያ ስብ አብዛኛው መጨረሻውም ቸኮሌት ውስጥ ነው)። ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ መቀዝቀዝና መሞቁን በእጃቸው እየለዩ ሲመቱት ሊጡ እየነጣ ይመጣል፤ ስቡም እንደ አረፋ ይንሳፈፋል። አረፋውን ገፈው፣ ደጋግመው አጥበው፣ ውሃው እስኪተንን እሳት ላይ ያነጥሩታል። ዘይቱ ተጠልሎ ሲቀዘቅዝ ይረጋል።

ይሁን እንጂ ጥሩ እጅ መጥፎ ፍሬን አያድንም። የወደቀ ፍሬ ዛፉ ሥር ከሰነበተ ወይ ይበቅላል ወይ ይሻግታል፤ ስቡ ገና ሳይወጣ መበላሸት ይጀምራል። ለዚህ ነው ሴቶቹ በዝናቡ ወራት ጎሕ ሲቀድ ወጥተው የሚለቅሙት። ሥጋውን ገፈው ፍሬውን ይቀቅሉታል፤ ሙቀቱ ቡቃያውን ይገድላል። ከዚያ ማስጣት ነው። ደመና ሲመጣ መክተት፣ ሲያባራ እንደገና ማስጣት። ፀሐይ ሲጠፋ ጭስ ላይ የሚያደርቁም አሉ፤ የጭሱ ሽታ ግን ቅቤው ድረስ ይከተላል።

ይህን ድካም ፎቶ የሚያነሣው የለም፤ ዋጋም አያወጣም። በመንደር ገበያ በደንብ የደረቀውም የሻገተውም ብዙ ጊዜ በአንድ ሳህን ተሰፍሮ በአንድ ዋጋ ይሸጣል። የመልቀሚያው ወቅት ደግሞ ጎተራ የሚራቆትበት ነው፤ ልጆቿ የራባቸው እናት ፍሬውን አስጥታ አትጠብቅም፣ ለመጣው ነጋዴ ትሰጠዋለች። ታዲያ ለማን ብላ ትጠንቀቅ?

ናይጄሪያ በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ጥሬው ፍሬ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ለ6 ወራት አግዳለች። ቅቤው እዚያው ይሠራ የሚለው ሐሳብ ይገባኛል። ነገር ግን ገዢ ሲቀንስ የዋጋው መውደቅ ቀድሞ የሚደርሰው ለቃሚዋ ዘንድ ነው። እገዳውም ሆነ ፋብሪካው ይቆየኝና፣ ገዢው ከሳህኑ አንድ እፍኝ ዘግኖ ሰብሮ ይመልከት፤ የሻገተውን ከደረቀው ይለይ፣ ዋጋውንም አብሮ ይለይ።