ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ የሚመጣው ሻጋታ
አስፐርጊለስ ስለተባለው ሻጋታ ያነበብኩት ጽሑፍ ይህ ሻጋታ በዋናነት የሚያሰጋው የደም ካንሰር ሕሙማንንና የአካል ንቅለ ተከላ የተደረገላቸውን መሆኑን በትክክል ገልጿል፤ ሆኖም የሳንባ ነቀርሳ በተስፋፋበት አገራችን ከነቀርሳ የዳኑ ሰዎች መዘለላቸው ተገቢ አይመስለኝም። ሕክምናውን በሚገባ በጨረሰ ሰው ሳንባ ውስጥም አንዳንድ ጊዜ ባዶ ክፍተት ይቀራል። ሁላችንም በየዕለቱ ሳናውቀው ከአየር ጋር የምንስባቸው የአስፐርጊለስ ፉሚጋተስ (የዚሁ ሻጋታ አንዱ ዝርያ) ጥቃቅን ዘሮች እዚያ ክፍተት ውስጥ አርፈው ቀስ በቀስ ሲያድጉ፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የማያባራ ሳል፣ የክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ አልፎ አልፎም ደም የተቀላቀለበት አክታ ያስከትላሉ።

ምልክቶቹ ከነቀርሳው ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ በአክታ ምርመራ ባክቴሪያው ሳይገኝ «በሽታው አገርሽቷል» ተብሎ የነቀርሳ መድኃኒት እንደገና የሚጀመርላቸው ሕሙማን አሉ። ያ መድኃኒት ሻጋታውን አያጠፋም፤ ይባስ ብሎም ከመድኃኒቶቹ አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ለሻጋታው የሚሰጠውን ኢትራኮናዞል በደም ውስጥ ያለውን መጠን በእጅጉ ይቀንሰዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ይህን ሻጋታ እጅግ አሳሳቢ ከሚባሉት ፈንገሶች ተርታ መድቦታል። ስለዚህ የአክታ ውጤቱ ነቀርሳ ሳያሳይ ሳሉ የቀጠለበት ሰው፣ የሲቲ ስካንና ሻጋታውን የሚለይ የደም ምርመራ ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው።